የጋሽ ይኸነው ፎቶ ይሰቀል ወይ?

ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብሎ ያለው መስክ ጥር ሲገባ ሣሩ ወርቅ ይቀባል። ፈረስ ሲጋልብበት ምድሩ ራሱ ከበሮ ነው፤ ዘፈን ባይኖር እንኳ ትከሻ ዝም አይልም።

ጋሽ ይኸነው ከዚህ መስክ ዳር ድንች ያመርታሉ። ሰባን ተሻግረዋል። ገበያ ሲወጡ አማርኛ፣ እቤት ሲገቡ አገውኛ ያወራሉ። ፈረሳቸው ዳማ ግን አማርኛ አይሰማም፤ በአማርኛ ብትለምነው ጆሮውን እንኳ አያንቀሳቅስልህም።

ስማቸውን ያስጠራው ጉግስ ነው። በጉግስ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ይኸነው ማባረር ላይ እምብዛም አልነበሩም። የወረወሩት ዘንግ ተመልካች መሀል እያረፈ፣ ተራቸው ሲደርስ ሰው ከዛፍ ጀርባ ይሸሸግ ነበር። ሲሸሹ ግን ሌላ ሰው ናቸው! ዘንጉ ከኋላ እያፏጨ ሲመጣ ከኮርቻው ላይ ይጠፋሉ። አንድ እግራቸው እርካብ ላይ ይቀራል፤ ሌላው ሰውነታቸው በፈረሱ ጎን ተንጠልጥሎ በጋቢያቸው ጫፍ ሣሩን ይጠርጋል። ዘንጉ በባዶ ኮርቻ ላይ ያልፋል። ከዚያ እንደ ጨረቃ ብቅ ይላሉ፣ እየሳቁ። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በዘንግ የነካቸው ሰው የለም። ሴቶቹም ያዜሙላቸው ነበር፦

ዘንግ ቢወረውሩት ነፋስ ሆኖ አለፈ፣
የይኸነው ፈረስ አየር ላይ ቀዘፈ።

ዘንድሮ የመንደሩ ፈረሰኞች ማኅበር አዳራሽ ሠራ። ምሰሶው የዲከረንስ ዛፍ፣ ኮርኒሱ ቀርከሃ። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የሦስት ስመ ጥር ፈረሰኞች ፎቶ እንዲሰቀል ተወሰነ። ሁለቱ ያለ ክርክር ተመረጡ፤ ሁለቱም በሕይወት የሉም፣ በሙት ደግሞ ማንም አይቀናም። ሦስተኛው ላይ የጋሽ ይኸነው ስም ተነሣ፣ ክርክሩም አብሮ ተነሣ።

ጋሽ ይኸነው ውሳኔውን መጠበቅ አልቻሉም። ዳንግላ ወርደው፣ በጋሪ ተሳፍረው ፎቶ ቤት ሄዱ። ትልቅ ፎቶ በፍሬም አሠርተው ተመለሱ።

«አንተ ሰው፣ ማን ይሰቀላል አለህ?» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ሸጋ።

«ከሞትኩ በኋላ ቢሰቀል ማን ያሳየኛል?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጆቻችን ባጃጅ ነጂ ሆኑ። ከእኔ በኋላ ከዚህ ቤት ፈረስ የሚጭን የለም። ይህ ሰው ጋላቢ ነበር የሚል አንድ ግድግዳ እንኳ ይኑረኝ እንጂ፣ ሸጋዬ።»

በስብሰባው ቀን ዋናው ተቃዋሚ ጋሽ አየነው ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጋሽ ይኸነውን በማባረር ያረጁ፣ ዘንጋቸው ከእኚህ ሰው በቀር ማንንም ስቶ የማያውቅ የዕድሜ እኩያቸው ናቸው።

«ማንን መታ? ምን ሽልማት ወሰደ? ተራ ሸሺ ነው!» ብለው ተነሡና በዜማ ለቀቁት፦

ሽሽት ሙያ ሆኖ ግድግዳ ላይ ዋለ፣
ጥንቸሏስ ምን ሠራች? ፎቶዋ የታለ?

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ይኸነውም ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ግጥሙ አምሮ ነበርና።

«አንተ እኔን ስትስት የሰበርከውን ዘንግ ብትለቅመው ኖሮ፣» አሉ፣ «ማኅበሩ ለጣሪያ እንጨት ባልገዛ!»

«እንግዲያው ነገ መስክ ውጣ! አንድ ዘንግ ብቻ። ከሳትኩህ አፌን እዘጋለሁ። ከመታሁህ ፎቶህን ሸጋ ጓዳ ስቀለው።»

«ጓዳዬ ድንች ሞልቶታል!» ብለው ጮኹ እትዬ ሸጋ ከበሩ። ሊቀ መንበሩ ምህረቴ ሁለቱን ሽማግሌዎች ቢለምናቸው፣ ቢለምናቸው፣ አልሰሙትም።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ መንደሩ በሙሉ መስክ ወጣ። ጋሽ ይኸነው በዳማ ጆሮ በአገውኛ አንድ ነገር ሹክ አሉና ለቀቁት። ጋሽ አየነው ተከተሉ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዘንጉ ከእጅ ወጣ፣ አፏጨ። ጋሽ ይኸነው ወደ ጎን ሊጠፉ ሞከሩ፤ ልባቸው ታጠፈ፣ ወገባቸው ግን እምቢ አለ። ዘንጉ ትከሻቸው ላይ «ጧ!» ብሎ አረፈ፣ እሳቸውም ሣሩ ላይ።

ጋሽ አየነው ከፈረሳቸው ዘለው ሮጡ። «ይኸነው! ወንድሜ! ተጎዳህ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ።» ጋሽ ይኸነው ሰማዩን እያዩ ተኝተዋል። «መታኸኝ፣ አየነው። በቃ፣ ከድንቹ ጋር ነኝ።»

መትረፋቸው ሲረጋገጥ ጋሽ አየነው ደስታው ነዘራቸው። እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሕዝቡ እየሮጡ ፎከሩ። «መታሁት! ይኸነውን መታሁት!»

«ታዲያ ይህ ምን ያስፎክራል ጋሼ?» አለ ምህረቴ ፈገግ ብሎ። «እርስዎ ራስዎ ትናንት ተራ ሸሺ ነው አሉን። ተራ ሸሺ መምታት ደግሞ ጀብዱ ነው እንዴ?»

ጋሽ አየነው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሕዝቡን አዩ፤ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን የሚያራግፉትን ባላንጣቸውን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉት ድል ከእጃቸው ሊያመልጥ ነው።

«ማነው ተራ ያለው?» ብለው አፈጠጡ። «ይኸነው እኮ ነው! ማንም ያልነካው! ጎጃም እንዲህ ያለ ሸሺ አፍርቶ ያውቃል? ይህን ሰው ካልሰቀላችሁ እኔ ማንን መታሁ ልበል?»

ፎቶው በዚያው ቀን ተሰቀለ። ጋሽ ይኸነው ክንዳቸውን በነጠላ አሥረው ከፎቶው ሥር ቆሙና ራሳቸውን ቀና ብለው አዩት፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ጥርሳቸው ሳቅ ሞልቶ።

«ከሥሩ ይጻፍበት» አሉ ጋሽ አየነው። «በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተመታ፤ መቺው አየነው።»

«ይጻፍ» አሉ ጋሽ ይኸነው ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሡ። «ግን ያን ዕለት ወገቡን አሞት ነበር ተብሎ ይጨመር።»

«እኔንስ ክንዴን አላመመኝም?»

ምህረቴ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። እስካሁንም ከፎቶው ሥር የተጻፈ የለም።