የሁለት ሰው ኪኒን

አባዬ ብቻውን መብላት አያውቅበትም። አምቦ ገበያ ልብስ ይሰፋ በነበረበት ጊዜ ምሳው ሲቀርብለት የሚያጎርሰው ሰው ፍለጋ ወደ በሩ ያይ ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል። እኔ በዚህ ጠባዩ አንዳንዴ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ እናደዳለሁ።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያዘውና የድሮዎቹ መድኃኒቶች እምቢ አሉ፤ አዲስ ኪኒን ታዘዘለት። መውሰዱን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስጣደፍ «ከቁርስ በኋላ እውጠዋለሁ» ይለኛል። ስመለስ ባዶውን ማሸጊያ ያሳየኛል፤ እኔም ተመስገን እላለሁ።

ሆስፒታል ወረፋ ላይ የተዋወቀው አንድ ወዳጅ ነበረው፣ ከእንጭኒ ቅቤ እያመጣ የሚሸጥ። ያመመውም ያው በሽታ ነው። ሰውየው ጠበል ሊገባ ብሎ መድኃኒቱን አቋርጦ፣ ነርሶቹ ይቆጡኛል ብሎ ሳይመለስ ቀርቷል። በገበያ ቀን እኛ ግቢ ይመጣል። አፋቸውን ሸፍነው፣ ራቅ ራቅ ብለው ይቀመጡና በኦሮምኛ ሰላም ተባብለው በአማርኛ ይሰዳደባሉ። አባዬ ከእሱ ጋር እንደሚስቀው ከሌላ ሰው ጋር ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ከወራት በኋላ የአክታው ውጤት መጣ። ተህዋሲው አዲሱንም መድኃኒት ተላምዶታል። ሐኪሟ «አባባ፣ ያቋረጡት ቀን አለ?» ስትለው እኔ ቀድሜ ማልኩለት። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

«አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእሱ እያደረግን ነው የወሰድነው» አለ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። እየጎደለ የተወሰደ መድኃኒት በሽታውን እንደማይገድል፣ እንዲያውም እንደሚያጠነክረው በቀስታ አስረዳችው። የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤታችን ድረስ ስጮህበት መጣሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝና «ልጄ፣ እሱ እያየኝ ብቻዬን ልዳን?» አለኝ። ንዴቴ አልበረደም፤ ግን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

የተቀየረለት መድኃኒት ብዙ ነው፣ እግሩንም ያቃጥለዋል። ጓደኛዬ ካልጀመረ አልጀምርም ብሎ ድርቅ አለ። ልለምነው ብዬ እንጭኒ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው የሰውየው ልጅ ናት። ቀብረውታል፤ ለአባዬ እንዴት እንደሚነግሩ ጨንቋቸው ዝም ብለው ነበር።

በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እስኪበረታ ይቆያል። እንባዬን ጠርጌ ገባሁና ወዳጅህ እዚያው እንጭኒ ጀምሯል፣ ሐኪሞቹ መንገድ ስለከለከሉት ነው የማይመጣው አልኩት። አባዬ ፊቱ በራ። ኪኒኖቹን ተቀብሎኝ ዋጠ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ውኃውን ይዤለት ስገባ «እሱስ ዋጠ?» ይለኛል። ዋጠ እለዋለሁ። እያማረረም ቢሆን ይውጣል። ሐኪሟ በዚሁ ከቀጠለ ይድናል ብላኛለች። የዳነ ቀን መርዶውን የምነግረው እኔ ነኝ።