ፉንዲ ፋማውና የማይቆረጠው ጣውላ

ማቶንዶኒ ጀልባ ሠሪ አጥታ አታውቅም። ሕፃን ገና ጥርስ ሳያበቅል የመዶሻ ድምፅ እየሰማ የሚያድግባት፣ ላሙ በተባለው ደሴት ላይ ያለች መንደር ናት። ከእነዚያ ሁሉ ባለ እጆች መካከል ግን ሰው ስም ሳይጨምር «ፉንዲ»፣ ባለ ሙያው፣ ብሎ ቢጣራ ማን እንደተጠራ ሁሉም ያውቃል፤ ፋማው ላሊ ነው። ሌሎቹም ፉንዲዎች ናቸው፤ ይህን ሲሰሙ ግን አይቀየሙም። ቅናት የማይደርስበት ቦታ ላይ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው፤ እሱ ደርሷል።

ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ አጎቱ ዘንድ ገብቶ፣ ጥጥ በዘይት እየነከረ የጣውላ ስንጥቅ በመድፈን ጀመረ። እስከ ዛሬ አርባ ሦስት ጀልባ ሠርቶ ውሃ አስገብቷል። አንዷም የእሱ አይደለችም። ጀልባ ውሃ በገባች ቁጥር ባለቤቱ ፍየል ያርዳል፣ ፉንዲውንም አዲስ ሽርጥ ያለብሰዋል፤ በዚህ የተነሳ ፋማው በሕይወቱ ሽርጥ ገዝቶ አያውቅም። «ሰው ጀልባ አለው፣ እኔ ሽርጥ አለኝ» እያለ ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ለዚህም ነው ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ከቤቱ ጓሮ፣ በኮኮናት ቅጠል ክዳን ሥር፣ ለራሱ ጀልባ የሚሆን እንጨት ሲያጠራቅም የኖረው። ከዚህ ሥራ አንድ ጣውላ፣ ከዚያ ሥራ ሁለት፣ እየለመነም እየተሟገተም። የሰበሰበው ሁሉ ምባምባኮፊ ነው፤ ነቀዝ የማይደፍረው፣ ባሕር የማይበላው እንጨት። ከሁሉም ሥር የጀልባዋ የጀርባ አጥንት የሚሆነው አንድ ወጥ ግንድ ተጋድሟል። እሱን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮ፣ ሁለቱን ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል። ክምሩን በየሳምንቱ ያገላብጠዋል፣ አቧራውን ያራግፈዋል፣ ምስጥ እንዳይነካው ሥሩን ይፈትሻል። ሚስቱ ሙዋናኢሻ ለጎረቤት ስታወራ «እኔ እኮ ሁለተኛ ሚስት ነኝ፤ ትልቋ ጓሮ ተኝታለች» ትላለች።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የመንደሩ ልጆች ማንበብና መጻፍ ብቻ አይበቃቸውም፤ በገዛ እጃቸው ዕቃ ሠርተው ማሳየትም አለባቸው። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪዋ መምህርት ቲማ ወደ ፋማው መጥታ «ፉንዲ፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ቢያስተምሩልኝ» አለችው። ደስ እያለው እሺ አለ። ችግሩ ሠላሳ አንድ ልጅ፣ ሁለት መጋዝና ዜሮ እንጨት መሆኑ ነው። ፈታኙ ደግሞ ከወር በኋላ ከከተማ ይመጣል፤ ዕቃ ያልሠራ ልጅ ነጥብ የለውም። ቲማ የመስጊዱን ኢማም ማሊም ሙሂዲንን ለመነቻቸው፣ እሳቸውም በጁምዓ ለሕዝቡ እናገራለሁ አሉ።

ማሊም አንደበታቸው ከፈሰሰ የሚገድበው የለም። ስለ ልጅና ስለ ዕውቀት ተናግረው፣ መቃብር ድረስ ስለሚከተል መልካም ሥራ ተናግረው፣ መጨረሻ ላይ «የምትሰጡትን ለአላህ ብላችሁ ወቅፍ አድርጉት፣ ለዘላለም የሚኖር ስጦታ» አሉ። ትልልቅ ሰዎች አለቀሱ። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ባለ ጀልባው የተረፈ ጣውላውን፣ ዓሣ አጥማጁ የተሰበረ ምሰሶውን፣ ቤት ያፈረሰው የበሩን መቃን አመጣ። አንዲት ባልቴት ሌላ የምትሰጠው ብታጣ የምትተኛበትን አልጋ አንድ እግር ነቅላ «በድንጋይ አስደግፌዋለሁ» ብላ አስረከበች። ይህ ሕዝብ ሲሰጥ እንዲህ ነው።

ደግሞም ሁሉም እንደ ልማዱ፣ በመስጊዱ ምንጣፍና በውዱእ መታጠቢያ ማንቆርቆሪያው ላይ እንደሚያደርገው፣ በሰጠው ዕቃ ላይ በቀለም «ወቅፍ» ብሎ ጻፈበት። በጣውላው ላይ፣ በምስማሩ ቆርቆሮ ላይ፣ በሙጫው ጣሳ ላይ። የብርጭቆ ወረቀቱን እንኳ አልማሩትም።

ሐሙስ ጠዋት ዙሌኻ የምትባል ፈጠን ያለች ልጅ ጣውላ አጋድማ መጋዟን ስታሳርፍ ፋማው እጇን ያዛት።

«ቆይ፣ ቆይ። አትቁረጪ።»

«ምን ሆኑ ፉንዲ?» አለች ቲማ።

«ይሄ እኮ ወቅፍ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለልጆቹ አይደል የተሰጠው?»

«የመስጊዱ ምንጣፍስ ለሰጋጁ አይደል የተሰጠው? ይሰገድበታል እንጂ ተቀዶ ቦርሳ ይሰፋበታል? የወቅፍ ጥቅሙ ይበላል፣ እሱ ራሱ አይበላም። እነዚህ ሲቆራርጡት ግማሹ ሰጋቱራ ይሆናል፣ የቀረው በየቤቱ ይበተናል።»

ቲማ የሙጫውን ጣሳ አነሳች። «ይሄስ? ሙጫ ሳያልቅ እንዴት ነው የሚያጣብቀው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ያስጻፉት ማሊም ይንገሩን።»

ፋማው ዝም ቢል ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር። ልጆቹ ይቆርጣሉ፣ ፈታኙ ያያል፣ ሕዝቡም ደስ ይለዋል። ግን ጣውላ ላይ የተጻፈውን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይሆንለትም። ማንም የማያየውን የጀልባ ውስጥ እንደ ውጩ አሳምሮ የሚልግ ሰው ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም።

ማሊም ሙሂዲን ነገሩን ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አይ ምላሴ! ሰደቃ ብዬ ማቆም ስችል!» አሉ። ቆይተው ተረጋጉና «ሙጫውንና ምስማሩን ተጠቀሙበት፤ ተጠቅመውበት የሚያልቅ ነገር ድሮም ወቅፍ አይሆንም፣ ሰደቃ ነው። ጣውላው ግን የሚኖር ነገር ነው። አንተ በእጅህ ለትምህርት ቤቱ የሚቆም ጠረጴዛ ብትሠራበት ደግ። ለልጅ መለማመጃ ተቆራርጦ ይለቅ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም» አሉ።

«ሰዎቹ ቃላቸውን ቢያነሱስ?» አለች ቲማ።

«ከእጃቸው የወጣውን? የእነሱ ያልሆነውን እንዴት ያነሱታል?»

እንደገና ስጡ ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ አልጋዋን በድንጋይ ያስደገፈችው ሴት ምን ተብላ ትጠየቃለች?

ያን ዕለት ምሳ ላይ ፋማው በኮኮናት የተሠራውን ሩዝ ሳይጎርስ ያገላብጠው ጀመር።

«ዓሣው ጨው በዛው?» አለች ሙዋናኢሻ።

«አልበዛውም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የሙኒራ አባት? ሩዙን እንደ እንጨት ማገላበጥ ያዝክ።»

የሆነውን ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ጓሮ ተመለከተች፤ አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ምን ሊል እንደሆነ አይጠፋትም።

«ቲማ ጠየቀችህ?»

«አልጠየቀችኝም። እንጨት እንዳለኝም ትዝ አላላትም።»

«ማሊምስ?»

«እሳቸውም አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ ማን አዘዘህ?»

«ልጆቹን አትቁረጡ ያልኩት እኔ ነኛ።»

«ጀልባህስ?»

«ሌላ አጠራቅማለሁ።»

«በስልሳ ሦስት ዓመትህ?»

በዚያ ክምር ከማንም በላይ ያሾፈችው ሙዋናኢሻ ነበረች፤ አሁን ያለቀሰችውም እሷ ናት። እንባዋን በሻሿ ጠርጋ «ግንዱን ግን አትንካው። ቃል ግባልኝ» አለች። ቃል ገባላት። ግንዱ ካለ ጀልባዋ አለች፤ ሁለቱም በልባቸው የያዙት ይህንን ነበር።

ቅዳሜ አንድ አህያ የጓሮውን ጣውላ ጭኖ ወደ ትምህርት ቤቱ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በጣውላዎቹ ላይ አንድም ፊደል አልተጻፈባቸውም። ፋማው ልጆቹን ሰብስቦ «ይሄ ሰደቃ ነው» አላቸው። «ቁረጡት፣ አበላሹት፣ ጨርሱት። ከተረፈ እቆጣለሁ።»

አበላሹት። ባሕር የማይበላውን እንጨት የማቶንዶኒ ልጆች በሉት። ዘጠኝ ዓመት እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀውን ጣውላ አንዱ ሰንጥቆበት፣ ሌላው ምስማር አጣሞበት፣ ሦስተኛው በርጩማ እሠራለሁ ብሎ ሦስቱን እግር ሦስት ቁመት አድርጎበት፣ ፋማው አንድ ቀን ብቻ ነው ድንገት ተነሥቶ የወጣው። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰና በርጩማውን እንደገና አስለካው። በትርፍ ሰዓቱ ወቅፍ ከተባለው ጣውላ አራት መሥሪያ ጠረጴዛ ሠራ፤ የአልጋው እግር ሳይቀር ቦታ አገኘ። ሐሙስ ሐሙስ ተብሎ የተጀመረው በየቀኑ ሆነ። ከልጆቹ እጅ ትሪው፣ የዓሣ ሳጥኑ፣ የቁርኣን ማንበቢያው ይወጣ ጀመር፤ እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ቢኖርም ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዛ።

ፈታኙ ሰኞ ሊመጣ ሐሙስ ላይ እንጨቱ አለቀ። ስድስት ልጆች ዕቃ አልነበራቸውም፤ አንዷ ዙሌኻ ናት፤ ደፍራ ከባዱን ሥራ ስለጀመረች ሁለት ጊዜ ተሰብሮባታል። ፋማው ለቲማም ለልጆቹም ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ለሚስቱ የሚለውን ሲፈልግ መጣ።

ሙዋናኢሻን ጓሮ ቆማ አገኛት። የእንጨቱ ማለቅ ወሬ ቀድሞት ደርሷት የግንዱን መሸፈኛ ገልጣ አጣጥፋዋለች።

«ስንት ልጅ ቀረ?» አለችው።

«ስድስት።»

«ለአራት ጎረምሳ ነግሬያለሁ፣ ሊሸከሙት እየመጡ ነው።»

«ቃል አስገብተሽኝ አልነበር እንዴ?»

«መልሼልሃለሁ። የእኔ ቃል ወቅፍ አይደለም።»

ግንዱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲገባ ልጆቹ ከመንገዱ ገለል አሉ። የጀልባ ሠሪ ልጆች ናቸው፤ እንዲህ ያለ እንጨት ለምን እንደሚሆን፣ የማን እንደሆነም ያውቃሉ። ፋማው በእርሳስ ምልክት አድርጎ መጋዙን ዘረጋላቸው። የሚቀበለው ጠፋ። ዙሌኻ እንኳ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

ስለዚህ ራሱ ተንበረከከ። ግራ እጁን ግንዱ ላይ አሳርፎ መቁረጥ ጀመረ። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ መጋዙም የትምህርት ቤት መጋዝ ነው። ልጆቹ ከበው ያያሉ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዙሌኻ ጎንበስ አለችና በቀስታ፣

«ፉንዲ፣ መስመሩን ለቀቀ» አለችው።

ፋማው መጋዙን አቁሞ አየ። አርባ ሦስት ጀልባ ሲሠራ እንዲህ ያለው ሰው የለም። ልክ ነበረች፤ የአውራ ጣት ወርድ ያህል ወደ ግራ ሄዷል። ዓይኑን እንባ ሞልቶት ምልክቱ አይታየውም ነበር።

«ለቋል፣ ልጄ» አለ። «ነይ፣ አንቺ ጨርሺው።»

መጋዙን ሰጣትና ግንዱ እንዳይወዛወዝባት በሁለት እጁ ያዘላት።