ኦቲሊያ ምድጃ የለኮሰችበት ወረቀት

በዚያ የበረዶ ወራት በተራራዋ መንደር በትሪዘንበርግ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው በጭሱ ነበር፤ ጭስ ከወጣ ሰዎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በሴቶቹ ፊት ላይ ግን የተደበቀ ፈገግታ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ልጆች ላይ የሚታየው ዓይነት። የ1986 ፌብሩዋሪ ነው። የሊችተንስታይን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ ሊሰጡ ነው።

ኦቲሊያ ያን ጊዜ ሃምሳ ሞልቷታል። ከታች ከሜዳው፣ ከባልዘርስ ናት፤ አባቷ ቤት ሁሉም "ጥቁር" ነበር፤ መቼም የፓርቲ ቀለም ነው። ተራራ ወጥታ ያገባችው ኤንግልበርት ደግሞ ከነዘር ማንዘሩ "ቀይ"። በዚያ አገር ፓርቲ እንደ ማሳ ይወረሳል፤ ጋዜጣም እንዲሁ። ባሏ ቤት የቀዮቹ ጋዜጣ ብቻ ስለሚገባ፣ እናቷ በፖስታ አውቶቡስ እንቁላል ስትልክላት እያንዳንዱን በጥቁሮቹ ጋዜጣ ትጠቀልለው ነበር። ኦቲሊያ ወረቀቱን በመዳፏ እያፍታታች ያለፈ ሳምንት ወሬ ታነባለች። ኤንግልበርት ያያል፤ ዝም ይላል። እንቁላሉን ይወዳል።

አንድ ልማድ ነበረው ይህ ሰው። ምርጫ ሲደርስ ለእያንዳንዱ መራጭ የሁለቱም ፓርቲ ወረቀት፣ የዕጩዎቹ ስም ታትሞበት፣ ቤቱ ይላካል። መራጩ አንዱን ይይዛል፤ ያልወደደውን ስም ይሰርዛል፤ ከወዲያኛው ፓርቲ የወደደው ካለ ይጽፍበታል። ኤንግልበርት በምርጫው እሁድ ጠዋት የጥቁሮቹን ወረቀት ጠምዝዞ የወጥ ቤቱን ምድጃ ይለኩስበታል። "ለዚህስ ይጠቅማሉ" ይላል፤ በየአራት ዓመቱ ያችኑ ቀልድ። ኦቲሊያም ሸሚዙን ተኩሳ ሰጥታው፣ ምሳ ልትሠራ ትቀራለች።

ያን ዓመት ወረቀቱ ለሁለት ሰው መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ኤንግልበርት መነጽሩን አድርጎ የራሱን ሞላና የእሷንም ቀዩን ሳብ አደረገ።

"የአጎቴን ልጅ ሎረንዝን እንዳትሰርዢብኝ እኔው ላዘጋጅልሽ። እጅሽ ሊጥ ነው።"

ሊጥ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በር ላይ ቆማ ስትሸኝ ኖራ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው የሞላውን ተሸክማ ልትከት?

እሁድ ጠዋት ኤንግልበርት ሲነሳ ምድጃው ይንቦገቦጋል።

"ማልደሽ ለኮስሽ? በምን?"

"እንደ ልማዳችን ነዋ፣ በወረቀት።"

ጠረጴዛውን አየ። የእሱ ሁለቱም አሉ። የእሷ ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል።

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔ የሞላሁልሽን?"

"እሱ ቶሎ ያዘ።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው በምን ያውቃል? ጥቁሩም ላይ ስም ይሰረዛል፣ ይጻፋል። አንተ ስትሞላ እያየሁ አይደል የተማርኩት።"

ከቅዳሴ ወጥተው ወደ ምርጫው አዳራሽ በበረዶው ሲወርዱ እንደ ገበያ ድርድሩ ደራ።

"ሎረንዝን ብቻ ጻፊልኝ በቃ።"

"ሎረንዝ መንገድ ላይ ለሴት ሰላምታ አይሰጥም።"

"ዓይኑ ደካማ ነው እኮ።"

"ላም ሲሆን ከሩቅ ያያል።"

ከኋላ የሚመጡት ሳቃቸውን በሻርፕ አፈኑ።

ከመጋረጃው ጀርባ ቆየች። ኤንግልበርት ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ከሰልፉ አንዱ፣ "እሜቴ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የሚጽፉት?" አለ።

"የሃያ ስምንት ዓመት ጥርቅም ነው፣ ታገስ" አለች ከውስጥ።

ወጥታ ወረቀቷን በገዛ እጇ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሴቶቹ ወደ ወጥ ቤታቸው መሮጡን ትተው ከወንዶቹ ጋር መጠጥ ቤት ገቡ። በመንደሩ ያን ቀን ምሳ የደረሰለት የለም።

ማታ ውጤቱ ተሰማ። ቀዮቹ በአንድ ወንበር በለጡ፤ ሎረንዝ ግን ፓርላማ አልገባም። ኤንግልበርት አይብ የቀለጠበትን የሊጥ ቅቅል፣ ክኖፍሌውን፣ ከተፈጨ ፖም ጋር እየበላ፣ "ያለ አንቺም አሸነፍን" አለ።

"ያለ እኔ መሆኑን ማን ነገረህ?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እሺ፣ ምን ጻፍሽ?"

"ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሴቶች ይምረጡ ወይስ አይምረጡ ተብላችሁ ወንዶቹ ድምፅ ስትሰጡ፣ አንተ ምን ጻፍክ?"

ኤንግልበርት ማንኪያውን መልሶ አነሳ። "ፖሙ ጥሩ ነው" አለ።

ከዚያ ወዲህ በየምርጫው እሱ ወጥ ቤት፣ እሷ መኝታ ቤት ሆነው ይሞላሉ፤ ምድጃውም በጭራሮ ይለኮሳል። እሱ በ2009 ጸደይ አረፈ። ማን ምን እንደ ጻፈ ግን እስከዚያ አልተነጋገሩም።

ኦቲሊያ ባለፈው ፋሲካ እዚያው መንደር በአረጋውያን መኖሪያው ነበረች፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ራይን ወንዝን በሚያሳየው መስኮት በኩል።