ከመቀነቴ ጫፍ የተቀደደች ጨርቅ

የሰፈር ልጆች «መጣ! መብራት መጣ!» ብለው ሲጮኹ የሰው ሁሉ ፊት ይፈካል። የእኔ ግን፣ እህቴ፣ አይፈካም። ይኸው ስንት ዓመቴ፤ ያ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ይሸተኛል። ከዚያ ቀጥሎ የሚሸተኝን ባልነግርሽ ይሻላል።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ነበርን፣ ገና የተጋባን ሰሞን። ባለቤቴ ዲያቆን ነበር። በቆሎ ተማሪነት ከአገር አገር ዞሮ፣ ውሻ እየነከሰው፣ በልመና እህል የተማረ ሰው ነው። ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስምና በቁርባን ተጋባን፤ ጳጳሱ እሱን የሚሾሙበት ቀንም ተቆረጠ። አማቴማ «የልጄን ቡራኬ ሳልቀበል አልሞትም» እያሉ ቀን ይቆጥሩ ነበር።

እስከዚያው ለዕለት ጉርሳችን ከመንገድ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር ግንድ ይቆርጣል። መቁረጫው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አሮጌ ቼንሶ፣ ባለ ሰንሰለት መጋዝ ነው። ጣትሽ ከማስነሻው ላይ ሲነሣ ወዲያው እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። አናውቅም ነበር አልልሽም፤ እናውቃለን። ግን ቀኑን ሙሉ ማስነሻውን ጨምቆ ሲውል ጣቱ ይደርቃል፤ እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል፤ መጽሐፉን ሲገልጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንጀቴ አልቻለም። አንድ ጠዋት ከመቀነቴ ጫፍ ብጣሽ ቀደድኩና ማስነሻው ተጭኖ እንዲቀር ጥፍር አድርጌ አሰርኩለት።

«በል እንግዲህ፣ ሶኬቱን መሰካትና መንቀል ብቻ ነው» አልኩት።

«አንቺማ መሐንዲስ ነሽ!» ብሎ ሳቀ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሞኝ!

መብራቱ እንደሆነ የኛ አገር መብራት ነው፤ ደስ ሲለው ይሄዳል፣ ደስ ሲለው ይመጣል። ሲሄድ ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ያ የመሞረጃ ሰዓት ነው። የደነዘ ሰንሰለት ሰጋቱራውን እንደ ዱቄት ያደቀዋል፤ የተሞረደ እንደሆነ ግን እንደ ክክ ያረግፈዋል።

ያን ቀን ከቀትር በፊት መብራት ሄደ። እሱ ቼንሶውን ጭኑ ላይ ጋደም አድርጎ ይሞርዳል፤ እየሞረደም የቅዳሴውን የካህኑን ድርሻ ያዜማል፣ ሊይዘው ነዋ። ፀሐዩ በቆርቆሮው ሽንቁር እየገባ ትከሻው ላይ ነጠብጣብ ሠርቶ ነበር። እኔ ቅርፊት እለቅማለሁ። ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። መብራት በሌለበት ሶኬት ማን ትዝ ይለዋል? አንዱን ጥርስ ጨርሶ ሌላውን ለማምጣት ሞረዱን አስቀመጠና ሰንሰለቱን በቀኝ አውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ሳበው።

ከማዶ ልጆች «መጣ!» ሲሉ ሰማሁ። እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «እልል! መጣ!» ብዬ ዞርኩ።

መጋዙ ጮኸ። እሱ አልጮኸም። ዜማው ብቻ መሃል ላይ ተቋረጠ። ቼንሶውን በጉልበቱ ገፍቶ ጣለው፤ መሬት ላይ እየዘለለ መጮኹን ቀጠለ፣ እኔው አስሬው የለ! «እኔን! እኔን!» እያልኩ እጁን ልይዝ ስሮጥ «ሶኬቱን! ሶኬቱን ንቀይ!» አለኝ። ነቀልኩት። ሰጋቱራው ቀልቶ ነበር።

ሐኪም ቤት ነፍሱን አተረፉለት፤ ሁለቱን ጣቶች ግን አልሆነላቸውም።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት ቤታችን መጡ። የተጠቀለለውን እጅ አዩ። «ልጄ፣ እንግዲህ ሥጋውን በየትኛው ጣት ትፈትታለህ?» አሉት፣ ዕንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። ካህን ቁርባኑን የሚቆርሰው በእነዚያ ጣቶች ነውና ቅስናው በዚያች ቃል አበቃ። ከዚያ ጥግ የተቀመጠውን ቼንሶ አዩና ጨርቋን በጣታቸው ነካ አደረጉ። የሴት መቀነት መሆኗ ያስታውቃል።

«ይህን እንዲህ አድርጎ ያሰረው ማነው?»

የመቀነቴን ጫፍ ነጠላዬ ሥር ሸሸግኩ።

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለ ባለቤቴ። «ከመቀነቷ ቀድጄ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷማ ተው ብላኝ ነበር።»

ተው ብላኝ ነበር! ውሸት ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ሰው፣ እህቴ! አማቴ ከወዲያ ሆነው «ምነው ልጄ፣ ሚስትህን ብትሰማት!» ብለው አለቀሱ። እኔ ዝም አልኩ። አማቴ የልጃቸውን ቡራኬ ሳይቀበሉ ሞቱ፤ እስኪሞቱ ድረስም አስተዋይ ምራት አለችኝ እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። ያንንም ዝም ብዬ ሰማሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

አሁን የምንኖረው ቡሬ ነው። እሱ የሰው መጋዝ እየሞረደ ያድራል። ማስነሻው የታሰረ መጋዝ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ቢላ አንሥቶ ማሰሪያውን ይቆርጥበታል። ሰዉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይለው ይሆናል፣ ይበለው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከምእመናን ጋር ይቆማል፤ ቄሱ ሲቀድሱ ከንፈሩ አብሮ ሲንቀሳቀስ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አየዋለሁ።

ሊሞርድ ሲቀመጥ ሶኬቱን ነቅሎ መሬት ላይ አይተወውም። ሦስት ጣት በቀረው እጁ ወደ እኔ ይዘረጋል። «ያዥልኝ» ይለኛል። ስለዚያች ጨርቅ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም።

ትናንትም መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ሰጠኝ። ትንሽ ቆይቶ ልጆቹ «መጣ!» አሉ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ የካህኑን ድርሻ እያዜመ ጣቱን ሰንሰለቱ ላይ አሳረፈ። እኔ ሶኬቱን በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀምጫለሁ።