ቀስ እያለ የሚወርደው ክንድ

ሰመራ ላይ ድርቆሽ የሚያነሳልኝ አሮጌ ሎደር ትራክተር ልገዛ ቆሜያለሁ። ሻጩ ስለ አዲሱ ቀለም ይለፈልፋል፤ እኔን ግን የፈሰሰው ዘይት ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ አዋሽ አርባ መለሰኝ።

የድርቅ ዓመት ነበር። ከብት አድላቢው አባቴ እንዲህ ያለ ትራክተር ሊመርጥ ይዞኝ ሄደ። የታሰረ ድርቆሽ አስጭኖ የትራክተሩን ክንድ ሽቅብ አስነሳና «ሞተሩን አጥፋው» አለው ባለቤቱን። ክንዱ ጭነቱን መያዝ አቅቶት ቀስ እያለ ወረደ። አባቴ የሚያቆመው ይመስል ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አባዬ፣ ተበላሽቷል?»

«ደክሞታል።»

«ታዲያ ሌላ እንምረጥ።»

«ከየት አምጥቼ፣ ልጄ? ከብቶቹ እኮ ተኝተዋል።»

ያኔ ከብት ሲተኛ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር።

ክንዱ ሽቅብ እንደተነሳ «ሞተሩን አጥፋው» አልኩት የሰመራውን ሻጭ። ክንዱ መውረድ ጀመረ። ግቢው ውስጥ ሌላ ትራክተር የለም፤ የእኔም ላሞች ከትናንት ጀምሮ ተኝተዋል። ሳላስበው ሁለት እጄን ዘርግቻለሁ።