ስማቸውን ያልነገሩን እናቶች፦ ከቢቸና ሞጣ

ቢቸና፣ ንጋት

ስልኬ ሲጠራ ለሱብሂ ሰላት ውዱእ እያደረግሁ ነበር። አላነሳሁትም። ሰግጄ ስጨርስ መልሼ ደወልኩ። ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ አቶ ደሳለኝ እንዴት አደርሽ እንኳ ሳይሉ «ከድጃ፣ ተመለሰልን! ማታ ነው የሰማነው፤ ኔትወርክ እምቢ ብሎን ነው» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ» ብዬ እዚያው መስገጃዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

የተመለሰው የእናቶች ማቆያው የፌዴራል ድጋፍ ነው። ከአባይ ቆላ የሚወጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይዛቸው አዋላጅ አጠገብ የሚሰነብቱበት ቤት፣ ድጋፉ ተቋርጦ ሊዘጋ ነበር። የእኔ ሥራ ወረዳዎች እንዲህ የተቋረጠባቸውን እንዲያስመልሱ ማገዝ ነው፤ ከጅማ እዚህ ድረስ ያመጣኝም ይኸው። ዛሬ ግን በስልክ ሰምቼ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።

ደብረ ወርቅ

ሚኒባሱን የሚነዱት ጋሽ ሙሉቀን ናቸው።

«ዛሬስ ፊትሽ በርቷል፤ ባል ተገኘ እንዴ?»

«ከባል ይበልጣል ጋሼ» አልኩና ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ጥሩምባውን አለቀቁትም። ዶሮ ያቀፈች ገበያተኛ «ኧረ ዶሮዬ ደነገጠች!» እያለች ጮኸች። የጋሼ ልጅ ትሁን ማቆያው ውስጥ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በቃሬዛ ሲያመጧት መንገድ ላይ ተገላገለች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

ደብረ ወርቅ ላይ ትኩስ ፓስቲ በሻይ። የሻዩን ሒሳብ ጋሼ ከፈሉ፤ የመንገዱንም አልቀበል አሉ። በስተግራ ጮቄ ጉም ለብሷል፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ብቻ።

ጉንደ ወይን

ጉንደ ወይንን እስክናልፍ ድጋፉ ለምን እንደተቋረጠ ልንገራችሁ። ፌዴራሎቹ የሚያግዙት ሕዝቡም የሚያግዘውን ቤት ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ «የሕዝብ ተሳትፎ የለም» ብሎ ላከ። ስሙን የሰጠ ሰው አልነበረማ! ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ እንጀራውን ማቆያው ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ለእግዜር ያሉትን በስም ማስመዝገብ እዚህ ነውር ነው። እኛም ሙስሊሞቹ ሰደቃ የምንሰጠው ደብቀን ነውና ይህ አልጠፋኝም። የቸገረኝ ማስረዳቱ ነበር። ስለዚህ ለምኜ ለምኜ፣ የፌዴራሎቹን ሰዎች አንድ ማለዳ ደጃፉ ላይ አቆምኳቸው።

አንዲት አሮጊት እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ድስት ይዘው ብቅ አሉ።

«የማን ነው፣ እናቴ?» አላቸው ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ባለሙያ።

«የማርያም።»

«አይ፣ የእርስዎ ስም?»

«ልጄ፣ ገንፎው ሳይበርድ አሳልፈኝ!»

ተከትላቸው የመጣችው ደግሞ «የጊዮርጊስ» አለች። ወጣቱ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«የማርያም ማኅበር፣ የጊዮርጊስ ማኅበር ማለታቸው ነው» አልኩት። «ሴቶቹ የሚያዋጡት በማኅበር ነው። ማኅበሩን ጻፈው፤ እነሱን ተዋቸው።»

አብረውት የመጡት አለቃው ማስታወሻውን ተቀበሉት። «ማኅበር ከሆነማ ያስኬዳል» አሉ። ያን ጊዜ በሆዴ እልል አልኩ።

ሞጣ፣ ረፋድ

ዛሬ እልልታው በአፍ ነው። ከሞጣ ወደ ጤና ጣቢያው ስንታጠፍ ጥሩምባውን ሰምተው ነፍሰ ጡሮቹ ሁሉ ደጅ ወጥተዋል። ትሁን ሆዷን ደግፋ መጣች።

«አባዬ፣ አይዘጋም አሉን!»

ጋሽ ሙሉቀን «እስቲ ጎማውን ልየው» ብለው ዞር አሉ። ጎማው ምንም አልሆነም።

አቶ ደሳለኝ ዕቃ ቤቱን ከፍተው አሳዩኝ። ድስት፣ አገልግል፣ ፔርሙዝ፣ ክዳን የሌለው ሳሕን። የፌዴራሎቹ ሰዎች በቆሙበት ማለዳ ምግብ ይዘው የመጡት እናቶች፣ እንታወቃለን ብለው ፈርተው፣ ዕቃቸውን ሊወስዱ አልተመለሱም።

እናንተ ያን ማለዳ ደጃፉ ላይ የነበራችሁ እናቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ኑና ዕቃችሁን ውሰዱ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ቆሞ አይጠይቃችሁም። የትሁን ቀን ደርሷል፤ ገንፎዋን ለማገንፋት ድስታችሁ ያስፈልጋችኋል።