ጀርባውን ሰጥቶ የሚጸልይ ሰው

ላፍቶ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ሜዳ ላይ ገና ጤፍ ይዘራ በነበረበት ዘመን፣ እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ተረት የምሰማው ከጎረቤታችን ከጋሽ ኤርጫፎ ነበር።

ጋሽ ኤርጫፎ ወንጌላዊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ደቡብ ቆላ፣ ከብት አርቢዎች ወደሚኖሩበት አገር ልካቸው ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ ወባ ሲደጋግማቸው ለሕክምና ተመልሰው፣ ከግቢያችን የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ይኖሩ ነበር። ያኔ መብራት የሚጠፋበት ማታ ብዙ ነው። በጠፋ ቁጥር እናቴ የከሰል ማንደጃውን ደጅ ታወጣልንና እሷ በኩራዝ የቤቷን ሥራ ትቀጥላለች፤ እኛ የግቢው ልጆች ደግሞ በቆሎ እሸት እየጠበስን እሳቸውን እንከባለን። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለዋል፣ የፍሙ ብርሃን ከታች ወደ ላይ ፊታቸው ላይ እየወጣ አንዴ ሽማግሌ አንዴ ልጅ ያስመስላቸዋል፣ እሳቸው ግን ይቀጥላሉ።

የሚነግሩን ነገር ተረት ይሁን እውነት አይለይልኝም ነበር። ከጅብና ከጦጣ ይጀምሩና ሳናውቀው ከትልቅ ግራር ሥር የሚጸልዩ ሰዎች ዘንድ ያደርሱናል። በዚያ አገር፣ ይሉናል፣ ምእመናኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ አንዱ አይጨፍንም። ለሌሎቹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወደ ጫካው እያየ ይቀመጣል። ከብት ሊዘርፍ የሚመጣ ጠላት፣ ሰው ዓይኑን የጨፈነበትን ሰዓት ነው የሚጠብቀው። ጋሽ ኤርጫፎ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር አሉ፤ ዙር፣ ፊትህን ወደ ወንድሞችህ መልስ ብለው። ሰዎቹም፣ ሁላችንም ከጨፈንን አንተን ማን ይጠብቅሃል አሏቸው። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ አገር ሲጸልዩ አንድም ቀን ፈርተው አያውቁም።

እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም። በትምህርት ቤታችን ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆም የተቀጣ ልጅ ነው። «ታዲያ እሱ ሰውዬ ጸለየ ወይስ አልጸለየም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ኤርጫፎ በቆሎአቸውን እያገላበጡ ሳቁ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ኤርጫፎ ደህና ስለሆኑ ተመልሰው ለመሄድ እንደጠየቁ እናቴ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ። ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጅ ነው። ግማሾቹ ሰውየው አርጅተዋል፣ ዳግመኛ ወባ ቢይዛቸው ማን አለላቸው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ያልሰማ ሰው ሞልቶ፣ ያን ያህል ርቆ መሄዱ ምን ፍሬ አፈራ ይላሉ። እኔ ከሁሉም ጋር ተስማማሁ። ማታ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ ጌታ ሆይ ከልክላቸው፣ እዚሁ ይቅሩልኝ እያልኩ መጸለይ ጀመርኩ። በእኛና በእሳቸው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ስለነበር የእሳቸውም ጸሎት ይሰማኛል። እሳቸው መንገዱን ክፈትልኝ ነው የሚሉት። አንድ አምላክ ከአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ነገር ሲለመን ምን ያደርጋል እያልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከዚያ ናኩዋ መጣ። ከዚያ አገር ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ ነው፤ ጋሽ ኤርጫፎ ለጉባኤው ሊያሳዩት አስመጡት። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፤ የተዋሰው ኮት እጅጌ ክርኑ ድረስ ብቻ ነበር የደረሰለት። እሑድ የቆርቆሮ አዳራሻችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ናኩዋ ከፊት፣ የክብር ወንበር ላይ ተቀመጠ። መዝሙሩ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ሁሉ አለፈ። ጸሎት ሲጀመር ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ልጅ ነኝና አጮልቄ አየሁ። ናኩዋ ከወንበሩ ተነስቶ በሰው መካከል እየተሹለከለከ በሩ ድረስ ሄደ፤ ደፉ ላይ ተቀመጠና ለመድረኩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረ። ጸሎቱ እስኪያልቅ አልዞረም። አጮልቄ ያየሁት ለካ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ አሜን እንደተባለ ሹክሹክታው አዳራሹን ሞላው።

ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ እዚያው ቀሩ። እናቴ ተረኛ ስለነበረች አዳራሹን ትጠርጋለች፣ እኔ ወንበር እደረድራለሁ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

«ወንጌላዊ፣ የዚህን ሁሉ ዓመት ፍሬ ዛሬ አየነው እኮ። ሰውዬው ለጌታ ጀርባውን ሰጠ።»

ጋሽ ኤርጫፎ ናኩዋን በቋንቋው ጠየቁት። ባጭሩ መለሰላቸው። «እናንተን ስጠብቅ ነበር ይላል» ብለው ተረጎሙ።

«ከማን? ከወያላ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

አቶ ግርማ አልሳቁም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ቋንቋውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለመሄድ የሚፈልጉትም እርስዎ ነዎት። አሁን የመጣልዎት ሐሳብ ቢሆንስ በምን እናውቃለን?»

ጋሽ ኤርጫፎ ዓይናቸውን ወደ ናኩዋ መለሱ። እኔ እዚያ መኖሬን ያውቃሉ፤ ግን ወደ እኔ ዘወር አላሉም። እኔም ዝም ብል እንደሚቀሩልኝ ገባኝ። ስለምነው የሰነበትኩት ነገር እጄ ላይ ወድቋል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ወንበሬን መደርደር ብቻ ነው። እስከዛሬ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«አሁን የመጣላቸው አይደለም። ክረምት ላይ ነግረውናል» አልኩ።

እናቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች «አንቺ!» ስትል አቶ ግርማ፣ «ተያት» አሏት። «ምን ብለው ነገሩሽ፣ ሚጡ?»

«አንድ ሰው ካልጠበቀ ሌሎቹ መጨፈን አይችሉም። ሌባ ይመጣል።»

«እና ያ ሰው መቼ ነው የሚጸልየው?»

«አላውቅም» አልኩ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

ጋሽ ኤርጫፎ ጥያቄውን ለናኩዋ ነገሩት። ናኩዋ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ አንድ ቃል ተናገረ። «እሱም አላውቅም ይላል» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ። አቶ ግርማ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ኋላ ግን ሳቁን መያዝ አቃታቸው። ሌሎቹም ተከተሏቸው። የዚህኛው ሳቅ ድምፁ ከቅድሙ ሌላ ነበር። «ነገሩስ የተፈጠረ አይደለም» አሉ አቶ ግርማ፤ ጋሽ ኤርጫፎ ተመልሰው እንዲሄዱ በዚያው ቀን ተፈቀደላቸው።

የሽኝታቸው ቀን ጉባኤው እጅ ሊጭንባቸው ሲሰበሰብ ጋሽ ኤርጫፎ ከሰው መካከል ጎትተው አወጡኝና፣ «እኔን የላከችኝ ይቺ ናት» አሉ። ሰው ሃሌሉያ አለ። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ መንፈስ ነክቷት ነው ተባባሉ፤ እናቴም ደስ አላት። እንዳልሆነ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ በምን ቃል እንደምነግራት ግን አላወቅኩም። በሚቀጥለው ማታ መብራት ጠፋ፤ ከሰሉ ደጅ ወጣ፣ ልጆቹም መጡ። በቆሎአችንን በልተን ገባን።

ጋሽ ኤርጫፎ እዚያው አገር ኖረው እዚያው አረፉ። አሁን እኔም የልጆች እናት ነኝ። በቤተ ክርስቲያን የተልእኮ እሑድ ሲደርስ አገልጋዩ፣ ላኪዎች እጃችሁን አንሡ ይላሉ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ሁሉ ያነሳል። የእኔ እጅ ግማሽ መንገድ ይሄድና ጉልበቴ ላይ ይመለሳል። የለመንኩት እንዲቀሩ ነበር፤ የተናገርኩት ደግሞ እንዲሄዱ አደረጋቸው። ሁለቱም ከዚሁ ከእኔው አፍ ነው የወጡት፤ ጸሎቴ የትኛው እንደነበረ ግን እስካሁን አልለየሁም።